ልፋቱን የጻፈች ሴት

አያቴ ወሎ ውስጥ ነው ኖራ ያለፈችው። ሐሙስ ማታ ዱዓ ሲኖር ወንዶቹ እልፍኝ ተቀምጠው መንዙማ ይላሉ። ድቤው ይመታል። እሷ ጓዳ ናት። ቡና ትቆላለች፣ ፍም ታራግባለች፣ ፍንጃል ታጥባለች። አንድ ማታ በመጋረጃው በኩል አየኋት። ፍንጃሉን እያለቀለቀች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከእልፍኙ ሰዎች ጋር እየተቀበለች አይደለም። የራሷን ነው የምትለው። «እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?» አልኳት። «ፍንጃል እየቆጠርኩ ነው» አለችኝ።

ፍንጃሎቹ ስድስት ነበሩ። ስድስት ፍንጃል ለመቁጠር ያን ያህል ጊዜ እንደማይወስድ ያኔ አልገባኝም። ሲገባኝ እሷ የለችም።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ የአንዲት ሴት የዕለት ማስታወሻ ሳነብ ነው። ስሟ ኢሪና ትዊዲ ነው። ሩሲያ ተወልዳ፣ ለንደን ኖራ፣ ህንድ ውስጥ የሱፊን መንገድ፣ በእስልምና ውስጥ ልብን የማጥራት መንገድ የሚባለውን፣ የተማረች ሴት ናት። መጽሐፏ «የእሳት ልጅ» ይባላል። ከ800 ገጽ በላይ ነው። በዕድሜዋም፣ በደረሰችበትም «አንቱ» ልላት በተገባ ነበር። ግን ያን ሁሉ ገጽ አብሯት የከረመ ሰው ይቀርባታል። «አንቺ» ብያት ልቀጥል።

ትዊዲ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ቪየናና ፓሪስ ተምራለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን አገባች። ጥሩ ትዳር ነበር። በ1954 ባሏ ሞተ። ሐዘኑ አልለቅ አላት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቴዎሶፊ ማኅበር ነው። የሁሉንም ሃይማኖት ጥበብ አንድ ላይ እናጠናለን የሚሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው። በ1959 ወደ ህንድ አቀናች። ማድራስ አጠገብ አድያር በሚባል ቦታ የማኅበሩ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ስታነብ ቆየች።

ከዚያ አንዲት ወዳጇ በሰሜን ህንድ ካንፑር ከተማ ስላሉ አንድ ሽማግሌ ነገረቻት። ሄደች። ቀኑ ጥቅምት 2 ቀን 1961 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1954። ያኔ ሃምሳን ተሻግራለች።

ሽማግሌው ራዳ ሞሃን ላል ይባላሉ። ሰዉ ሁሉ የሚጠራቸው ግን «ባይ ሳሂብ» እያለ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ «ወንድም ጋሼ» እንደማለት ነው። ለምን መጣሽ ብለው ጠየቋት። ፈጣሪን እፈልጋለሁ አለች። ግን ደመና ላይ እንደተቀመጠ ሽማግሌ የሚስሉትን አይደለም። ሥር የሌለውን ሥር፣ ምክንያት የሌለውን ምክንያት ነው የምፈልገው አለች። አድያር ያነበበችው ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ሽማግሌው ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም። ከዚህ ያነሰ አይበቃሽም? ዓይነት ነገር ነው የመለሱላት።

እኔ እዚህ ገጽ ላይ ቆም ብዬ ነበር። ገና ከባቡር የወረደች ሴት ናት። አቧራዋን እንኳ በቅጡ አላራገፈችም። የምትፈልገው ግን ያን ያህል ነው። ሽማግሌው አላሳነሱባትም፤ አልመለሷትምም። አንድ ነገር አዘዟት። ማስታወሻ ያዢ አሏት። አንድ ቀን መጽሐፍ ይሆናል፤ ሌላውን ሰው በሚጠቅም መንገድ ጻፊው አሏት።

እሷ የጠበቀችው ትምህርት ነበር። ዮጋ፣ ምስጢር፣ ትልልቅ ንግግር። ያገኘችው ግን ወንበር ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢያቸው ሄዳ ትቀመጣለች። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። የቤቱ ልጆች ይጮኻሉ። ሽማግሌው ከእንግዶቻቸው ጋር በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። እሷ አይገባትም። አንዳንድ ቀን ቀና ብለው እንኳ አያዩዋትም። የካንፑርን በጋ ደግሞ አስቡት። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ እንደ ምድጃ አፍ የሚጋረፍ ንፋስ አለ። እዚያ ውስጥ ትቀመጣለች። ማታ ወደ ተከራየችው ክፍል ትመለስና ትጽፋለች።

ምን ትጽፋለች? እዚህ ጋ ነው ሴትየዋ ልቤን የወሰደችው። ንዴቷን ትጽፋለች። ቅናቷን ትጽፋለች። ሽማግሌው ሌላውን ሰው በፈገግታ ተቀብለው እሷን ሲያልፏት እንዴት እንደተቃጠለች ትጽፋለች። ሻንጣዋን ይዛ ለመሄድ የተነሳችበትን ትጽፋለች። ጠርጥራቸዋለች፤ እሱንም ጽፋዋለች። እኛ የምናውቀው የደጋግ ሰዎች ታሪክ እንዲህ አይደለም። ጻድቁ ከልጅነቱ ጻድቅ ነው። እሷ ግን ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ እንደ ልጅ ስታኮርፍ፣ ስታለቅስ፣ እንደገና ስትመለስ ነው የምናያት።

ራሷ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ነገሩን በግልጽ ብላዋለች። የዮጋ ትምህርት አገኛለሁ ብዬ ሄድኩ፤ መምህሩ ያደረጉት ግን በውስጤ ያለውን ጨለማ እንዳየው ማስገደድ ነበር፤ ሊገድለኝም ነበር ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ የራሷ አይደለም ብላ ስትገፋው ከኖረችው ነገር ጋር ተፋጠጠች።

ከዚህ የበለጠ ነገር ደግሞ አለ። ያላትን ገንዘብ አስረከበች። ሽማግሌው ለችግረኛ አደሉት። ለቀለብ እስኪቸግራት ድረስ ባዶ እጇን ቀረች።

እዚህ ላይ አንባቢዬ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። እኔም ተቆጥቻለሁ። ባሏ የሞተባት፣ በሰው አገር ብቻዋን ያለች ሴት ገንዘቧን አስረክባ ስትራብ ማንበብ አይመችም። በየሰፈራችን በፈጣሪ ስም የሴቶችን ወርቅ የሚያስወልቅ ሰው ሞልቷል። «ዝም ብለሽ ታዘዢ» ማለት ለስንቱ ክፉ ሥራ መሸፈኛ እንደሆነ ሴቶች እናውቀዋለን። ስለዚህ ማንንም ሰው የትዊዲን መንገድ ሂጂበት አልልም። ልጄ ብትሆን «ተነሺ፣ ወደ ቤት ግቢ» እላት ነበር።

ግን አንድ ነገር አልፌው መሄድ አልቻልኩም። የሚያጭበረብር ሰው «ጻፊው» አይልም። የሚያጭበረብር ሰው «ይህ በእኔና በአንቺ መሃል ይቅር» ነው የሚለው። ሽማግሌው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያንዳንዱን ቀን እንድትመዘግብ አዘዙ። ስድባቸውን፣ ዝምታቸውን፣ ጭካኔያቸውን ሁሉ። ገንዘቡም ኪሳቸው አልገባም። እኔ ዛሬ ማንንም መንፈሳዊ መምህር የምመዝነው በዚህ ነው። የሚያደርግሽን አደባባይ ወጥተሽ ብትናገሪው ምን ይላል?

ወደ ሱፊነቱ ልምጣ። ባይ ሳሂብ ሂንዱ ናቸው። አዎ፣ ሂንዱ። መንገዳቸው ግን ናቅሽባንዲያ የሚባለው ጦሪቃ፣ ከሱፊዎች መንገዶች አንዱ ነው። በ1389 ካረፉት ከቡኻራው በሃኡዲን ናቅሽባንድ ስሙን ያገኘው ማለት ነው። እንዴት ሆነ? ፈዝል አሕመድ ኻን የሚባሉ ሙስሊም ሸኽ ነበሩ። በ1873 የተወለዱትን የባይ ሳሂብን አጎት ራምቻንድራን ተቀብለው አስተማሩ። አጎትየው አንድ ቀን «ልስለምና ልከተልዎ» ሲሏቸው ሸኹ ተቆጡ ይባላል። እንደዚያ እንዲያስቡ አልፈለጉም። የባይ ሳሂብ አባትም በዚያው መንገድ ነው የሄዱት። ባይ ሳሂብ ራሳቸው መምህራቸው አብዱልገኒ ኻን የሚባሉ ሙስሊም ነበሩ።

እኔ ሶላቴን የምሰግድ ሰው ነኝ። አያቴም ብትሆን «ያለ ሸሪዓ ጦሪቃ የለም» ባይ ነበረች። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከትዊዲ ጋር አንገጥምም። ሱፊነት ከእስልምና ወጥቶ ለብቻው ይቆማል የሚለውን አልቀበልም። ሥሩን ቆርጦ ቅርንጫፉን መውሰድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ሴትየዋን አልጥላትም። ቅርንጫፉ ላይ ያገኘችው ፍሬ እውነተኛ ነው። በየቀኑ የነፍሷን ቁስል እያየች፣ እያለቀሰች፣ ሳትሸሽ የቆየችበት ዓመት ቀልድ አይደለም። ነፍስን መታገል ነው። ጂሃዱ ነፍስ የምንለው እሱን አይደል?

መሃል ላይ ወደ እንግሊዝ መልሰዋት ነበር። ሄደች፣ ደግሞ ተመለሰች። ሽማግሌው ሐምሌ 21 ቀን 1966 አረፉ። በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1958። እሷ ለጥቂት ወራት ሂማልያ ተራራ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ለንደን ተመለሰች።

ቀሪውን ዕድሜዋን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሰሜን ለንደን ትንሽ ቤቷ ውስጥ ሰው ትሰበስብ ጀመር። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። እየበዙ ሄዱ። ሻይ ይጠጣል፣ ዝም ተብሎ ይቀመጣል፣ ሰው ሕልሙን ይናገራል፣ እሷ ትሰማለች። ክፍያ የለም። ሁሉም «ወይዘሮ ትዊዲ» ነው የሚላት። ማዕረግም አልለጠፈችም። የማስታወሻው አጭር ቅጂ በ1979 ወጣ፤ ሙሉው በ1986። ከምዕራቡ ዓለም ሄዳ በዚህ የናቅሽባንዲያ መስመር ሠልጥና የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት ይባላል። በ1992 ማስተማሩን ለተተኪዋ ትታ አረፍ አለች። ነሐሴ 1999 እዚያው ለንደን ሞተች።

የናቅሽባንዲያ ዚክር፣ የፈጣሪን ስም ደጋግሞ ማውሳት ማለት ነው፣ ድምፅ የለውም። ይህን የጻፍኩት ለማስረዳት ብቻ አይደለም። ወሎና ሐረር የገነነው የቃዲሪያ ጦሪቃ ነው፤ ጅማ አካባቢ ደግሞ ቲጃኒያ። እኛ ዚክር ስንል ድቤና ጭብጨባ፣ ተነስቶ መወዛወዝ ነው የሚታየን። ናቅሽባንዲያዎች በልብ ብቻ ይላሉ። ከጥንት መርሆቻቸው አንዱ ደግሞ ኸልዋን፣ ከሰው ተገልሎ ከፈጣሪ ጋር መሆንን፣ ሰው መሃል መያዝ ነው። ዋሻ አትገባም። ገበያ ትሄዳለህ፣ ሥራህን ትሠራለህ፣ ከሰው ጋር ትስቃለህ፤ ልብህ ግን ኸልዋ ውስጥ ነው። ትዊዲም ለተማሪዎቿ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ሥራችሁን አትልቀቁ፣ ቤታችሁን አትተዉ።

አያቴ ጦሪቃዋ ምን እንደነበር አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅ። ግን ድቤው እልፍኝ እየተመታ፣ ጀበናው እየገነፈለ፣ እኔ ቀሚሷን እየጎተትኩ፣ ፍንጃል እያለቀለቀች ይዛው የነበረው ነገር ኸልዋ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እንግዲህ የልቤን ልናገር። እኛ አገር ሱፊ ሴቶች ሞልተዋል። አርሲ ፈረቀሳ የሲቲ ሞሚና ቦታ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። እስካሁን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ ይሄዳል። ከባሕሩ ማዶ ሳንሄድ፣ ምጽዋ ላይ የኸትሚያ ጦሪቃ ሰዎች ዐይናቸው የነበሩት ሸሪፋ ዐለዊያ አሉ። እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የኖሩ ሴት ናቸው። ስለ እነዚህ ሴቶች ሰው ጠይቁ። የሚነግራችሁ ከራማ ነው። ዛሩን እንዴት እንዳስለቀቁ፣ መካኗ እንዴት እንደወለደች፣ የካዳቸው ሰው ምን እንደደረሰበት። እኔም ይህን ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ አልጠላውም። ሌሊት እሳት ዳር ሲነገር ፀጉር ያቆማል።

ግን ልፋታቸውን የሚነግረኝ አጣለሁ። ሲቲ ሞሚና በወጣትነታቸው ማን ገሠጻቸው? ምን አስለቀሳቸው? ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ? የተናደዱበት ቀን የለም? ሰው አልነበሩም እንዴ? ከራማው ብቻ ሲነገር ሴቲቱ ከደመና በላይ ትሆንብናለች። ልንሳለማት እንችላለን፣ ልንከተላት አንችልም። ትዊዲ ግን ከወንበሯ ላይ ላቧን እየጠረገች «እኔም እንዳንቺ ቀናሁ» ትለኛለች። ያን ስሰማ ነው ነገ ጠዋት ተነስቼ ልሞክር የምለው።

ወንዶቹ ሸኾች ይሻላሉ። ኪታብ ጽፈዋል፣ ደረሳ አስተምረዋል፣ ደረሶቻቸው ደግሞ ስለ እነሱ ጽፈዋል፣ መንዙማ ገጥመውላቸዋል። ሴቶቹ ደረሳ አልነበራቸውም። የልጅ ልጅ ነው የነበራቸው። የልጅ ልጅ ደግሞ «ምን እያልሽ ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ጨዋታው ይሮጣል።

አሁን ስልካችን ውስጥ መቅጃ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክና የፎክሎር ተማሪዎችን በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያስፈልጋችኋል ይላሉ። ዱዓ ቤት የሚያገለግሉ፣ ሌሊት የሚነሱ፣ መቁጠሪያ ሙስበሃቸው በጣታቸው ያለቀ አሮጊቶች በየመንደሩ አሉ። ዱባይና ሪያድ ያሉ የወሎ ልጆችም ማታ ማታ በኢሞ ከእናቶቻቸው ጋር ሲያወሩ ያድራሉ። ስለ ገንዘብና ስለ ጤና ብቻ ከማውራት አንድ ቀን ስለዚህ ቢጠይቁስ? ከራማውን ሳይሆን ልፋቱን። «እማዬ፣ መጀመሪያ ሌሊት መነሳት ሲያቅትሽ ምን አደረግሽ?» ብለው። እናቶቻችን እስኪያልፉ ምን እንጠብቃለን?

እኔ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ወር ደብተር ይዤ የአያቴ ጎረቤት ከነበሩት አንድ አሮጊት ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያን አልፈዋል። ፈንዲሻ ዘርግፈው፣ ቡና አቀራርበው ተቀበሉኝ። «የሸኾቹን ከራማ ልንገርሽ?» አሉኝ። «እሱን በኋላ ይነግሩኛል፤ መጀመሪያ እርስዎ የደከሙበትን» አልኳቸው። አቦሉን ቀዱ። ምንም አላሉም። ቶናውን ቀዱ። የበረካውን ፍንጃል በእጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩና፣ «በእርጉዝነቴ ነው፤ የመጀመሪያዋን ልጄን የቀበርኩ ዓመት» ብለው ጀመሩ።